አማቴን የገደልኩበት የሽርሽር ቀን

ባሌ ኬንያዊ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደባርቅ ላይ ማንም ስላላመነው ነው። ከጎንደር ጀምሮ ያገኘነው ሰው ሁሉ ባሌን የሚያናግረው በአማርኛ ነበር። አንዱ የጋምቤላ ልጅ ነው አለ፣ ሌላው ከደቡብ የተዛወረ የባንክ ሠራተኛ አደረገው፤ የሆቴላችን አስተናጋጅ ደግሞ ስታወራው አምሽታ መልስ ስታጣ «ባልሽ ኩራተኛ ነው» ብላ ለእኔ ከሰሰችው። እዚያው ሆቴል ስንመዘገብ ፓስፖርቱን ቢያወጣ መዝጋቢው አገላብጦ አየና «ይሄ ወደ ውጭ ስትሄድ ነው የሚያገለግልህ፤ አሁን የቀበሌ መታወቂያህን አምጣ» አለው። ባሌ ምን እንደተባለ ስተረጉምለት በደስታ ሊሞት ደረሰ። በሰው አገር እንደ አገሬው መቆጠር እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

የምንኖረው ናይሮቢ ነው፤ የመጣነው ለዕረፍት። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼ ዕረፍታችንን በምሳና በእራት ግብዣ ቦጫጭቀው ጨረሱትና ለስሜን ተራሮች የተረፈችው አንዲት ቀን ብቻ ሆነች። ባሌ ሙያው ሒሳብ ነው፤ ልቡ ግን ወፍ ላይ ነው። ገና ሳንጋባ ጀምሮ፣ አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ ወጥቶ አለት ላይ እየፈጠፈጠ መቅኒውን የሚበላ አንድ ትልቅ አሞራ ስሜን ውስጥ አለ እያለ ሲያወራልኝ ኖሯል። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ስሜንን የማውቀው ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ካላንደር ነው። ስለዚህ ከሁለታችን ማን ባለአገር ማን እንግዳ እንደነበር ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

መኪናውን ያገናኘን ደባርቅ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሾፌሩ ታናሽ ወንድሙ ነው። ሾፌራችን የዳባት ልጅ ነው፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሳቂታ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ተራራ የሚያስጎበኝ። ቱሪስት ሲያመላልስ ስለኖረ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ይህ ነገር በኋላ አበሳዬን አሳየኝ። ከጎኑ የተቀመጡት ጎብኚን የሚያጅቡ የፓርኩ ስካውት ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው የሚሄዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የቡይት ራስ ሰው። ሾፌሩ «አባባ» ይላቸዋል፤ እኔም አባባ አልኳቸው።

ቡይት ራስ ስንደርስ ሜዳው በጭላዳ ዝንጀሮ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየን አንድም የለም። ባሌ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንጠልጥሎ ገደሉ አፋፍ ላይ በሆዱ ተኛ። ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። «እሰይ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀናን» አልኩ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የሾፌሩ ታላቅ ወንድም ነው።

«እኅቴ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ነኝ። ምነው?»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ፊትሽን ወዲያ አዙሪ።»

በስልክ ፊትሽን አዙሪ ተብዬ አላውቅም፤ ግን ዞርኩ።

«አባታችን ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። ድንገት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ዳባት ነው። ለወንድሜ እንዳትነግሪው አደራ! መንገዱን አይተሽዋል፣ ገደል ነው። ምክንያት ፈልጊና ወደ ቤት መልሽልኝ። አባቱን ሳይቀብር ከቀረ ዕድሜ ልኩን አይወጣለትም። አንቺ የአገር ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል።» ስልኩ ተዘጋ።

ገባኝ። እናቴ ስትሞት የሰማሁት ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት ሳሙና ስመርጥ ነው። የደወለችልኝ ዘመዴ «እስቲ ቁጭ በይ» እንኳ አላለችኝም። መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ስጮህ ጥበቃዎቹ ሌባ የተያዘ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ስለዚህ ይህን ሳቂታ ሰው ገደል አፋፍ ላይ እንዲህ አላደርገውም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ችግሩ መሐላ እንጂ ሙያው የለኝም። በሰፈራችን መርዶ ማርዳት የሚችሉ የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጎሕ ሳይቀድ ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እነሱ ያውቁበታል። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ሆኜ ከሚጮኹት ወገን ነበርኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

ወደ ሾፌሩ ሄጄ ራሴን አመመኝ፣ እንመለስ አልኩት።

«ከፍታው ነው!» አለና ከመኪናው ኪስ ነጭ ሽንኩርት አውጥቶ ሁለት ፍንካች ላጠልኝ። «ይህን አኝኪ። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ይተውሻል።» ፏፏቴው ገና ወደ ፊት ነው። አኘክሁ። ዓይኔ እያለቀሰ ገደል ያስፈራኛል፣ ወደ ፊት አልሄድም አልኩት። በገደሉ በኩል ባልሽ ይቀመጣል አለ። ለትንሽ ጊዜ አሰብኩና ሆቴል ውስጥ የቧንቧ ውኃ ከፍቼ መጥቻለሁ፣ ክፍሉ ይጥለቀለቃል አልኩት።

ሾፌሩ ከልቡ ሳቀ። «ደባርቅ? ውኃ? እኅቴ፣ ውኃ ከሄደች እኮ ሳምንቷ ነው!»

እውነቱን ነው፤ ጠዋት ፊቴን የታጠብኩት በሃይላንድ ነው። ውሸት እንኳ አገር ማወቅ ይፈልጋል።

ሲቸግረኝ አባባን ወደ ጎን ጠራኋቸውና በጆሯቸው ነገርኳቸው። ስካውቱ ጠመንጃቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «አውቃቸዋለሁ። ትልቅ ሰው ነበሩ። ባለመንገርሽ ደግ አደረግሽ ልጄ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ወገኑ መሀል ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ዝንጀሮ መሀል አይደለም። የእሱን ስልክ ለእኔ ተይው።» ይህን ብለው ወደ ሾፌሩ ሄዱና የኔ ባትሪ ጨርሷል፣ ቤት ልደውልበት ብለው ስልኩን ተቀበሉት። አጠፉትና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ እንደ ሐውልት ቆሙ።

እኔም ቆምኩ። ሾፌሩን ማየት አልቻልኩም። ዓይኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ ገደሉ አፋፍ ላይ የተኛውን ባሌን አየሁ፤ እንባዬ መጣ። ነጭ ሽንኩርቱም አግዞኛል። ሾፌራችን ይህን ሁሉ ሲያይ ነበር ለካ። ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

«ገብቶኛል» አለኝ።

አፌ ውስጥ የቀረውን ነጭ ሽንኩርት ዋጥኩ።

«በስልክ ስትነጋገሪ ፊትሽን አየሁት። ራስ ምታት እንዳልሆነም አውቄያለሁ። ለአባባም በጆሯቸው ነገርሻቸው።» በአገጩ ወደ ባሌ አመለከተ። «ለእሱ ነው አይደል? አባቱ ናቸው?»

እዚህ ላይ ሰው ይፍረደኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ምክንያት ራሱ ፈልጎ፣ ጠቅልሎ በእጄ አስቀመጠልኝ። አማቴ በዚያ ሰዓት ኪሱሙ ከተማ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጣ ራዲዮ የሚያዳምጥ ጤነኛ ሰው ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። «አዎ፣ አባቱ ናቸው» አልኩ። እንዲህ አድርጌ አማቴን ገደልኩት።

«እኔን!» አለ ሾፌሩ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሰው አገር! ሳይቀብር! በይ አይዞሽ፣ እንዳትነግሪው። እዚህ ገደል ላይማ አይሞከርም። ለእኔ ተዪው። በቀጥታ ዳባት፣ አባዬ ጋ ነው የምንወስደው። ለዳባት ሰው ሁሉ መርዶ የሚያረዱት የእኔ አባት ናቸው። አባዬ ሲነግሩህ አይከብድህም።»

አባባን አየኋቸው። ወደ ሰማይ እያዩ ነው።

እንሂድ ልል አፌን ስከፍት ባሌ ከተኛበት እጁን አነሣ፤ ዝም በሉ ነው። አሞራው መጣ። ያ ስንት ዓመት ሲያወራልኝ የኖረው አሞራ በእግሩ አጥንት ይዞ ከገደሉ ሥር ወጣ። ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ አጥንቱን ለቀቀው። አጥንቱ አለቱን መትቶ ነጠረ እንጂ አልተሰበረም። አሞራው ወርዶ አነሣውና እንደገና መውጣት ጀመረ።

«እንሂድ» አልኩ።

«ኧረ ተዪው ይየው!» አለ ሾፌሩ። «ከዚህ በኋላ ምን ደስታ አለው? ይጥገብ።»

አሞራው አሁንም ጣለው፤ አሁንም አልተሰበረም። ባሌ በደስታ እግሩን መሬት ላይ ይደበድባል። ሾፌሩ ያንን እያየ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል። አባባ ጥላቸውን አይተው ሰዓቱን ይገምታሉ። ያ አጥንት የምን አጥንት እንደነበር እንጃ፤ ዳባት ላይ አንድ ሽማግሌ ሊቀበሩ ሕዝብ ተሰብስቦ እኛ አጥንት እስኪሰበር እንጠብቃለን። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ተሰበረ። ሾፌሩ «ተመስገን» አለ፤ እኔም እንደዚያን ቀን ከልቤ ተመስገን ያልኩበት ጊዜ የለም።

መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። አሁን ለባሌ መንገር አለብኝ። በእንግሊዝኛ እንዳልነግረው ሾፌሩ ይሰማል። ስዋሂሊ አለ፤ የእኔ ስዋሂሊ ግን ከገበያ የለቀምኩት ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጨምሪልኝ፣ ቀንሺልኝ። ስለ ሞት ያለኝ ቃል ሻጮች ዕቃ ሲጨርሱ የሚሉት ብቻ ነው። በለሆሳስ «የሾፌር አባት አልቋል» አልኩት። የት ሄዶ አለቀ አለኝ። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ዓይኔን ጨፈንኩለት። ደነገጠ። ቀጥዬ ሾፌሩ ምን እንዳሰበ ላስረዳው ብዬ «ያንተም አባት አልቋል፤ ግን አላለቀም፤ አንተ አታውቅም» አልኩት።

ባሌ ጠይም ነው፤ አመድ መሰለ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየውና «ምነው? ጠረጠረ እንዴ?» አለኝ በአማርኛ።

«ከፍታው ነው» አልኩ። ወዲያው ነጭ ሽንኩርት ወደ ኋላ ተላከ።

ያኔ ነው ስልክ ላይ መጻፍ እንደሚቻል ትዝ ያለኝ። የድንጋጤ ነገር! ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን ጽፌ ሰጠሁት። ባሌ አነበበ፣ ደገመ። የገዛ አባቱ እንዳልሞተ ሲገባው ፊቱ ተመለሰ፤ ወዲያው ደግሞ የሾፌሩን ማጅራት ማየት ጀመረና ፊቱ እንደገና ሄደ። ስልኩን ተቀብሎ ጻፈልኝ፦ «ትልቅ ሰው ነው። አሁኑኑ አቁሚውና ንገሪው። የራሱን አባት ሞት ከሁላችን በኋላ የሚሰማው ለምንድን ነው?» እኔም «ገደሉን አላየኸውም?» ብዬ ጻፍኩ። «ገደሉ ሲያልቅስ?» አለኝ። ወደ ዳባት ስንቃረብ እነግርሃለሁ ብዬ ስልኩን ነጠቅሁት።

የሚገርመው ጠዋት እንደ ጥይት ሲበር የነበረው ሰው አሁን እንደ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ጉድጓዱን ሁሉ ዞሮ ያልፋል። ከብት ቢያይ ቆሞ ያሳልፋል፤ ባለከብቱን ሰላም ይላል።

«ትንሽ ፈጠን ብንል» አልኩት።

«መርዶ ይዞ አይሮጥም እኅቴ።»

«እንዲያው ሰዓቱ…»

«ለቀብር እንደሁ አይደርስ! አገሩ ሩቅ ነው። የሚቀብረው አባት ከሌለ ምን አስቸኮለን?»

አባባ በኃይል ሳሉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩና ከንፈሬን ነከስኩ።

ደባርቅ ገባን። ደባርቅን አቋርጠን እንወጣለን ብዬ ስጠብቅ ሾፌሩ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ቆመ። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ መብላት አለበት፤ ከሰማ በኋላ እህል በአፉ አይዞርም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ወንድሙ ደባርቅ ስለሌለ ማንም ያገኘናል ብዬ አልፈራሁም፤ የፈራሁት ሰዓቱን ነው። ግን ያ ሁሉ ውሸት ተዋሽቶ አሁን አይበላም ብል ነገሩ ሊበላሽ ነው። ገባን። ጥብስ ታዘዘ።

ሾፌራችን እጁን ታጥቦ መጀመሪያ ያደረገው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ባሌ አፍ መላክ ነው። «ብላ ወንድሜ» አለው በእንግሊዝኛ፣ «ኃይል ያስፈልግሃል።» ባሌ በዓይኑ ጠየቀኝ። ቅድም ሐዘንተኛ አስቀድሞ መብላት አለበት ብዬ ጽፌለት ነበር። ጉርሻውን ዋጠና እሱ ደግሞ የባሰ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ሾፌሩ አፍ አመጣ። «አንተ ብላ» አለው። «ለአንተ ነው ኃይል የሚያስፈልገው።» ሾፌሩ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመው። ባሌም ደገመው። የሾፌሩ ዓይን በእንባ ተሞልቷል፤ የባሌም ተሞልቷል፤ የማን በሐዘን የማን በሚጥሚጣ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አንዱ ለሌላው አባት እያዘነ እስኪታነቁ ድረስ ተጎራረሱ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም» አለች። አባባ ምንም አልቀመሱም። «ጾም ነኝ» አሉ፤ የምን ጾም እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

በዚህ መሀል የባሌ ስልክ ጠራ። በቪዲዮ። አማቴ ነው።

አማቴ በየቀኑ ይደውላል። ልጁን ዝንጀሮ እንዳልበላው ማረጋገጥ ይፈልጋል። ባሌ ሳያስብ አነሣውና የአባቱ ፊት ስክሪኑን ሞላ፤ ያ ክብ ፊት፣ ያ ነጭ ጢም፣ ከኋላው ያ በረንዳ። ባሌ ቅድም አባቱ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ሞቶበት ስለነበር አሁን ሲያየው አልቻለም፤ እየሳቀ አለቀሰ። ሾፌሩ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«ማናቸው?»

«አጎቱ ናቸው» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

«አልተረዱም?»

«ገና አልተረዱም።»

«ምስኪን» አለና ሾፌራችን ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ስክሪኑ ላይ ላለው ለአማቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። አማቴ በጣም ደስ አለው። ኢትዮጵያውያን ጨዋ ናቸው ሲባል እሰማ ነበር፣ እውነት ነው አለ። ከዚያም ሾፌሩን አባትህ ደኅና ናቸው ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ሾፌሩ «ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ወደ እሳቸው እየሄድን ነው» አለው።

ባሌ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ አልወረደለትም።

ከደባርቅ ወደ ዳባት ያለው መንገድ አስፋልት ነው፤ ገደሉም ወደ ኋላ ቀርቷል። ባሌ በየጊዜው ያየኛል፤ ገደሉ አለቀ ነው የሚለኝ። እኔም ልቤ ወደ እሱ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ይህን ሰው እንዲህ ማታለል ነውር ነው እያልኩ ነበር። አባባ ተቆጥተው ዝም እንዲያሰኙኝ ብዬ ወደ እሳቸው ባይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሾፌሩ ግን ባሌን ይዞ ዝም ብሎ መሄድ ከብዶት ስለ አባቱ ማውራት ጀመረ፤ እኔ እንድተረጉም።

«አባዬ እንደ ሌላው ሰው ዘለው አይናገሩም» አለ። «መጀመሪያ ያስቀምጡሃል። ስለ ሰብልህ፣ ስለ ከብትህ ይጠይቁሃል። ከዚያ ከአዳም ነው የሚጀምሩት። አዳም ሞተ፣ ኖኅ ሞተ፣ አብርሃም ሞተ፣ ዳዊትም ንጉሥ ሆኖ ሞተ ይሉሃል። እየቆጠሩ፣ ቀስ እያሉ፣ እጅህን ይዘው ወደ አንተ መንደር ይመጣሉ። አንተ ቤት ሲደርሱ ብቻህን አይደለህም፤ ዓለም ሁሉ አብሮህ ሐዘንተኛ ሆኗል። እኔ ልጅ ሆኜ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ አዳምጣቸው ነበር። የእናቴንም ሞት ያረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ሞታባቸው፣ የራሳቸውን እንባ ይዘው፣ ከአዳም ጀመሩልኝ።» በመስታወቱ ባሌን አየው። «ለዚህ ነው እሳቸው ይንገሩት ያልኩሽ። እኔ ብሞክር አላውቅበትም፣ ሰውየውን እገድለዋለሁ።»

ሁሉንም ተረጎምኩለት። ባሌ በእኔ ስልክ ላይ አንድ ነገር መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ አጠፋውና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ንገሪው አላለኝም።

ዳባት ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ ሰፈራቸው ገባን። ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ይዞ ቆሟል፤ መኪናችንን ሲያይ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ቅድም ልቅሶው እስከ አስፋልቱ ይሰማ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ፤ ወንድምየው ነው የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ሴቶቹን ዝም ያሰኛቸው። ያን ያህል ሕዝብ ጸጥ ብሎ አይቼ አላውቅም። አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም። ደርሰናል። ደርሰናል ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ራሱ አስፈራኝ።

ሾፌራችን ሕዝቡን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አየሽ? እኛ ግቢ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ዛሬም ለአንድ ምስኪን መርዶ ሊያረዱ ነው። አይዞሽ፣ ቀድመው የእኛን ያደርጉልናል፤ ለእንግዳ ያደላሉ።»

ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ፣ መኪናውን ዞሮ፣ በባሌ በኩል ያለውን በር ከፈተለት። ክንዱን ያዘው፤ ሊወድቅ ይችላል የሚባል ሰው እንደሚያዝ አጥብቆ ያዘው። በእንግሊዝኛ «ና ወንድሜ፣ አይዞህ፣ አባቴ ጥሩ ሰው ናቸው» አለው። ባሌ ወረደ። ሾፌሩ ይበልጥ ደገፈው።

ታላቅ ወንድሙ ከሰዎቹ መሀል ወጥቶ መጣ። ነጠላውን ወገቡ ላይ አደግድጓል። ሾፌራችን ነፃ የሆነውን እጁን አንሥቶ አስቆመው።

«ቀስ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገና አልነገርነውም። አባዬን ጥራልኝ።»

ወንድሙ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«አባዬን ጥራልኝ እንጂ!» አለ ሾፌራችን።

ማንም አልሄደም። እሱ ወንድሙን አየ፣ ከኋላው የቆመውን ሕዝብ አየ፣ ወደ እኔ ዞሮ እኔን አየ። የባሌን ክንድ ግን አልለቀቀም። ባሌ በሌላኛው እጁ የሾፌሩን ወገብ አቅፎ ደግፎ ያዘው።